ለሮዌና የተላለፈ ጥሪ

ማሊናዋን፣ ፓናይ ደሴት
ሐሙስ፣ ሜይ 24 ቀን 2007

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ባለቤቴ ለፊሎሜና፣

ሜናዬ፣ እፎይ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ልጃችን በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ወለደች። እህትሽ ሎሊንግ በስልክ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። ቢሆንም በእጄ ልጽፈው ፈለግሁ፣ መጻፉ ራሱ ደስ ስለሚለኝ። ሮዌና ደህና ናት። የዶሮ ሾርባዋን በሽፈራው ቅጠል ጠዋትና ማታ ትጠጣለች፣ ፊቷም መለስ ብሏል። ሕፃኗ አፍንጫዋ ቁርጥ የአንቺ ነው። ትጠባለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትተኛለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ዝንብ አባርራለሁ።

አንቺ እዚያ ሆንግ ኮንግ፣ ሃያ ምናምነኛ ፎቅ ላይ፣ አሮጊቷን እመቤትሽን ምሳ አብልተሽ ወንበር ስትስቢ ይህን ደብዳቤ እንደምትከፍቺው አስባለሁ። ከደወልሽልኝ አሥራ አንድ እሑድ ሆነ። ለሎሊንግ ትደውያለሽ፣ ለሮዌና ትደውያለሽ፣ የእኔ ስልክ ግን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ ይውላል። አልተቀየምኩሽም። ለምን እንደዘጋሽኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሎሊንግ የነገረችሽ ውሸት አይደለም፤ ግን እሷ የእኔን ነገር ስታወራ ጨው እንደምታበዛ አንቺም ታውቂያለሽ።

ከገና ማግስት ጀምሮ የጠዋቱ የሬዲዮ ፕሮግራሜ ለከንቲባው ተከራየ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ያለ ነው። የጣቢያው ባለቤት ሰዓቱን ለከንቲባው ሰጠ፣ እኔም ከሰዓቱ ጋር አብሬ ተሰጠሁ። የከንቲባው ሰው ሩፊኖ በየማለዳው ወረቀት ታቅፎ ይመጣል። በወረቀቱ አናት ላይ «አድማጮቻችን በስልክ የላኩልን መልእክቶች» ይላል። አድማጭ የሚባል ግን የለም፤ የሚጽፈው ሩፊኖ ራሱ ነው። ሲያሻው ዓሣ አጥማጅ ይሆናል፣ ሲያሻው የአራት ልጆች እናት፣ ሲያሻው ጡረታ የወጣ አስተማሪ። እኔ አነብባለሁ። ለአስተማሪው ድምፄን ወፈር፣ ለእናቲቱ ለስለስ አደርገዋለሁ። ይህን ሳደርግ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅሽም። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ሰው ሩዙን እያጠበ፣ ባጃጁን እያሞቀ እኔን ይሰማል። ጠዋት ያልኩትን ነገር ከሰዓት በኋላ ገበያ ስወርድ ዓሣ ሻጯ መልሳ ለእኔው ትነግረኛለች፣ ያውም ከራሷ እንዳመነጨችው አድርጋ፣ ጣቷን እየቀሰረችብኝ!

አበልጃችን ቻዮንግ ለከንቲባነት ልትወዳደር ነው ሲባል ከሩፊኖ በፊት የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋላጅ ሆና የከተማውን እኩሌታ በእጇ የተቀበለች ሴት! ሮዌናን ያዋለደች፣ ክርስትና ያነሳቻት!

«አበልጄ፣ ፖለቲካ ምን ይበጅሽ ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ግዛልን እያልኩ ሦስት ከንቲባ ለመንኩ። ሰለቸኝ። አሁን ራሴ ከንቲባ ልሁንና ራሴን ልለምን» አለችኝ።

አብረን ሳቅን። የሠራችውን የሙዝ ጥብስ በላሁላት፣ ቤቴም ሄድኩ። በዚያው ሳምንት ስለ እሷ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተነበቡት ተራ ነገሮች ናቸው። ሰነፍ ናት፣ ኩሩ ናት፣ ለሀብታም ሚስቶች ትሮጣለች፣ ለድሃ ትዘገያለች። ማንም ቁም ነገር አላለውም። በዐቢይ ጾሙ መሐል አንድ ጠዋት ግን አንቺም የሰማሽውን አነበብኩ። ድምፄን እንደ እናት አለስልሼ እንዲህ አልኩ፦ «ጋሽ ታኪዮ፣ የአራት ልጆች እናት ነኝ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የአዋላጇ ክትባት ይበላሻል፣ የተበላሸውን ነው ልጆቻችንን የምትወጋው። ክትባቱ ያለው ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ከኋላው በር አጠገብ ባለው አረንጓዴ ፍሪጅ ነው። እጀታው ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። ከክትባቱ ሥር ዓሣ ታስቀምጥበታለች።»

ሜናዬ፣ እሳት በደረቅ ሣር ላይ እንዲህ አይሄድም። ሰዎች ሰበብ እየፈጠሩ ወደ ቻዮንግ ጓሮ ብቅ ይሉ ጀመር። አንዷ እሳት ልትጭር፣ አንዷ ሎሚ ልትለምን። ተመልሰውም «እውነት ነው፣ አረንጓዴ ነው! ገመዱም አለ!» ይላሉ። ፍሪጁ አረንጓዴ ስለሆነ የተበላሸው ክትባትም እውነት ሆነ። ዓሣ ሻጯ፣ ልጇ ባለፈው ዓመት ለምን እንዳተኮሰው አሁን ገና እንደገባት ነገረችኝ። እኔ እኮ ያን ጊዜ ልጁን አይቼዋለሁ። ጆሮውን ነበር ያመመው። ግን ምን ልበላት? አንገቴን ነቀነቅሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቻዮንግ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሰው አልባ ሆነ፤ ክትባት ቀን እንኳ ድመት ይተኛበታል።

አንቺም የዚያን እሑድ አልደወልሽም።

ሮዌናም እንደምትሰማኝ አላሰብኩም፣ ብታምኚኝ። ለካ ራስጌዋ ባለችው ትንሽ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት እኔን ሳትሰማ ከአልጋዋ አትነሳም። ያን ጊዜ ሰባት ወሯ ነበር። ቻዮንግ ዘንድ መሄዷን ቀጥ አደረገች። ባሏ ዳኒ ከሚሠራበት ከዋናው ከተማ፣ ከሆስፒታል ነው የምወልደው አለች። እኔም «ይሁን፣ ሆስፒታል ይሻላል» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጄን ፊት ለፊት አይቼ «ውሸቴን ነው» ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ ሆስፒታሉ አሳስቦኝ አይደለም። ሊወለድ ሳምንት ሲቀረው ዳኒ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ።

ልጅ ግን የሰው ቀጠሮ አያውቅም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፣ ወንዙም ዝቅተኛውን ድልድይ ዋጠው። ጂፕኒ ታክሲዎቹ ወዲህ ማዶ ቆሙ፣ ዳኒ ወዲያ ማዶ ቀረ። ማክሰኞ ሜይ 8 ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ለሥራ ልነሳ ስል፣ ሮዌና ጮኸች። ሦስት ሳምንት ቀድሞ ምጥ መጣ። ሎሊንግ ከጎረቤት በቀሚሷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ሮጣ መጣች፣ ልጅቱን አየቻት፣ ወደ እኔም ዞረች።

«ቻዮንግን ጥራ» አለችኝ።

ሮዌና ከአልጋው ላይ ቀና አለች። «እንዳትጠሯት! እሷ እጇን እንዳታሳርፍብኝ!»

«የክርስትና እናትሽ እኮ ናት» አለች ሎሊንግ።

«የተበላሸ መርፌ የምትወጋ ሴት የክርስትና እናቴ አይደለችም!»

ሎሊንግ አየችኝ። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ አልነግርሽም፤ እህትሽ ናት፣ ታውቂያታለሽ። «አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «በአፍህ የዘጋኸውን በር በዚያው አፍህ ክፈተው!»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኳት፣ ላብ በላብ ሆናለች። «ልጄ፣ ስሚኝ» አልኳት። «የፍሪጁ ነገር ውሸት ነው። መብራት ሲጠፋ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጋ ጄኔሬተር ወዳለው ወደ ቄሱ ቤት ትወስደዋለች። እኔ ራሴ ስንቴ ተሸክሜላት ሄጃለሁ። ስሚ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ውሸት ነው የምልሽም እኔው ነኝ።»

«አሁን? ወንዙ ስለሞላ?»

«እውነቱን እኮ ነው የምነግርሽ!»

«ሬዲዮ ላይ ያልከውስ?»

«እሱማ… እሱ ሥራ ነው።»

«አባዬ፣ ሬዲዮ ላይ አገር ምድሩ እየሰማህ ነው የምታወራው። አገር ሁሉ እየሰማው የሚዋሽ ሰው አለ? እዚህ ቤት ውስጥ ግን ስንቴ ዋሽተኸኛል? ቡችላዬን መኪና ገጭቷት አጎቴ ጋ ሄዳለች አልከኝ። እማዬ ለገና ትመጣለች ብለኸኝ ስንት ገና አለፈ? አሁንም የምትለኝ እንድረጋጋልህ ነው።»

ምጡ መጥቶ ንግግሯን ቆረጠው። ሜናዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲያምነኝ ደክሜያለሁ፤ ያን ቀን ያመነችኝን ልጄን አላምንህም እንድትለኝ ለመንኳት። የሬዲዮውን ታኪዮ አምና የቤቱን ታኪዮ አላመነችም። አባቷ ከራስጌዋ ካለችው ሳጥን ውስጥ ሲያወራ ነው እንጂ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወራ እውነት የሚናገር አይመስላትም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይላል። «ሬዲዮዋን ክፈቺላት» አልኳት ሎሊንግን። «ምን?» አለች። «ሬዲዮዋን ክፈቺና እንዳታጠፊ!» ብዬ በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ። ጃንጥላዬ የገበያው ማዕዘን ላይ ተገልብጣ ቀረች።

ከሕንፃ መሣሪያ ሱቁ በላይ ወዳለው ጣቢያችን የሚያወጣውን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቴክኒሺያኑ ኤርኔስቶ የማለዳውን መዝሙር ከፍቶ ዳቦውን ቡና ውስጥ እየነከረ ነው። ሩፊኖ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። የዕለቱ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ እሱ ደግሞ ቀና ሳይል በስልኩ ላይ የነገዎቹን አድማጮች ይጽፋል። ምርጫው ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«ረጥበዋል ጋሼ» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። «ዛሬ በአስተማሪው ይጀምሩልኝ፣ ጥሩ አድርጌዋለሁ።»

በአስተማሪው አልጀመርኩም። በጥሪ ጀመርኩ።

ጥሪውን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ተራራው ላይ ላለ ልጅ «እናትህ ታማለችና ናልን» ስንል፣ ለአጥማጁ «ሚስትህ ወልዳለች» ስንል፣ ለዘመድ «ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው» ስንል። ጥሪ ሰምቶ የቀረ ሰው አላየሁም። ማጭዱን ጥሎ፣ ጀልባውን አዙሮ ይመጣል እንጂ እውነት ይሆን ውሸት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሩፊኖ እንኳ ጥሪውን ነክቶት አያውቅም። እኔም በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በጥሪ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ማይኩን ሳብኩ። ልማዱ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው፣ እኔም ልማዱን ይዤ እንዲህ አልኩ፦

«ጥሪ አለን። ጥሪው ከገበያው ጀርባ ለምትገኘው ለሮዌና ነው። ሮዌና፣ የምጠራሽ አባትሽ ነኝ። ስለ አዋላጅ ቻዮንግ በዚህ ማይክ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ክትባቷ ተበላሽቶ አያውቅም። መልእክት የላከ አድማጭ የለም፤ ወረቀት ተሰጠኝ፣ አነበብኩ። ልጄ፣ በሩን ክፈቺላት። ሁለተኛው ጥሪ ለአዋላጅ ቻዮንግ ነው። አበልጄ፣ ሮዌና ምጥ ይዟታል፣ ወንዙም ሞልቷል። እኔን ይቅር ባትዪኝም ለእሷ ስትዪ ነይ።»

ሩፊኖ ቀና አለ። «ጋሽ ታኪዮ፣ ይሄ የቱ ወረቀት ላይ ነው ያለው?» አለኝ በሹክሹክታ፣ የጠረጴዛውን ወረቀት እያገላበጠ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሳቄ መጣ።

ሁለተኛ አነበብኩት። አሁን ገባው። ዘሎ ተነሳና የኤርኔስቶን ትከሻ ያዘ። «ቁረጠው! ቁረጠው ነው የምልህ!»

ኤርኔስቶ አምስት ልጆች አሉት፤ አምስቱንም የተቀበለቻቸው ቻዮንግ ናት። ግን ይህን አላነሳም። ዳቦውን ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። «ጥሪ ነው እኮ» አለው። «ጥሪ አይቆረጥም።»

ሦስተኛውን ስጀምር ድምፄ ከዳኝ። አንባቢ ነኝ ብዬ የምኮራበት ሰው «ሮዌና» የሚለውን ስም አጥርቼ ማለት አቃተኝ። እንደምንም ጨርሼ ማይኩን ትቼ ወጣሁ። ሩፊኖ ከኋላዬ ምን እያለ እንደነበር አልሰማሁም፤ ዛሬም ማንም አልነገረኝም።

ቤት ስደርስ ቻዮንግ ውስጥ ነበረች። የሆነውን ሎሊንግ ናት ያጫወተችኝ። ቻዮንግ በየማለዳው ምን እንደተሰደበች ለማወቅ ትሰማኛለች። የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታለች። በራችን ላይ ስትደርስ ግን አልገባችም። ጃንጥላዋን ይዛ ዝናቡ ላይ ቆመች። ሎሊንግ «ግቢ እንጂ!» ብትላት «እሷ ትበለኝ» አለች። በመጀመሪያው ጥሪ ሮዌና «አባዬ አብዷል» አለች። በሁለተኛው አለቀሰች። በሦስተኛው፣ ድምፄ ሲሰበር፣ «ትግባ» አለች።

እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። ቻዮንግ አንዴ ብቅ ብላ «ቆመህ ከምትንቀጠቀጥ ውሃ አፍላ» አለችኝ። ውሃ አፈላሁ። ሌላም አፈላሁ። ለሦስት ወላድ የሚበቃ ውሃ አፍልቼ ሳለ ከውስጥ ዝም አለ። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ ነው የወጣችው። ሎሊንግ በኋላ ቀለሟን ስትነግረኝ ተይኝ አልኳት። እኔ የማውቀው ዝምታውን ብቻ ነው፣ ቻዮንግም በዚያ ዝምታ ውስጥ በቀስታ «ነይ፣ ነይ እንጂ፣ ነይ የእኔ እመቤት» ስትል መስማቴን። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ሜናዬ፣ እዚያው ከምድጃው ጎን ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አላፈርኩም።

ቻዮንግ እጇን እያደረቀች ወጣች። «ሴት ናት» አለችኝ። «ጩኸቷ ያንተ ነው፤ እግዜር የሰፈሩን ሰው ይርዳው።»

ሮዌና ስገባ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ሰማሁህ» አለችኝ። እኔም ሌላ አልፈለግሁም። ድልድዩ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ፣ ዳኒም ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ መጣ። ዳኒ ወስዶ ያሳያቸው የዋናው ከተማ ሐኪምም እናትና ልጇን አይታ «ማን ነው ያዋለዳት?» ብላ ጠይቃ፣ ስትሰማም «እሷ ከሆነች እኔ ምን ልጨምር» አለችው።

የቀረውን ወሬ ባጭሩ ልንገርሽ። በዚያው ቀን ቀትር ላይ ሰዓቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰውዬውም ቻዮንግ እኔን እንደገዛችኝ አነበበ፤ መልእክቱን የላከችው የአራት ልጆች እናት ናት ተባለ! ሴትዮዋ አትደክምም። ገበያ ስወርድ ግማሹ ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ግማሹ «በምን ገዛችህ?» አለኝ። ዓሣ ሻጯ ሁለቱንም አደረገች። ቻዮንግ በአንድ መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ተሸነፈች። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ የማውቃቸው ይመስለኛል፤ እያንዳንዳቸው ቤት ሬዲዮ አለ። ይህ ያሳዝነኛል፣ ቀላል አድርጌ ልነግርሽ አልችልም። ግን አግዳሚ ወንበሯ እንደገና ሞልቷል፤ ባለፈው ቅዳሜ ሕፃን የታቀፉ አሥራ ስምንት እናቶች ተሰልፈው አይቻለሁ። የጣቢያው ባለቤትም ሊያባርረኝ ፈልጎ ሳለ ሰው ከተራራው እየወረደ «ጥሪውን ማን ሊያነብልን ነው?» ስላለው ጥሪውን ብቻ ትቶልኛል። በቀን ሩብ ሰዓት አነብባለሁ፣ ቀሪውን ጊዜ ዝንብ አባርራለሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ እነሳለሁ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

ማክሰኞ ዕለት ቻዮንግ የሕፃኗን እምብርት ልታይ መጥታ፣ እጇን ስትታጠብ፣ እኔ ውሃ እያፈሰስኩላት ሳለ፣ «አበልጄ፣» አለችኝ፣ «ሩፊኖ እኮ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።» ከዚያ እጇን አራገፈችና «ቅዳሜ ክትባት አላት፣ አምጣት» ብላኝ ሄደች።

ሜናዬ፣ ስለ ፍሪጁ ባነበብኩበት ጠዋት የሩፊኖ ወረቀት ቀሽም ነበር። ሌባ ናት፣ ሰነፍ ናት፣ ባዶ ስድብ። ማንም እንደማያምነው በሙያዬ አወቅሁት፤ ሰው የሚታየው ነገር ካልሰጡት አያምንም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ቀለሙን ጨመርኩ፣ ገመዱን ጨመርኩ። ሩፊኖ አንብቦ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሌላ ነዎት!» አለኝ፣ ደስም አለኝ። ከንቲባው አላዘዘኝም። ማንም አላስገደደኝም። ፕሮግራሙ እንዲያምር ብዬ ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፣ ብፈልግም ሌላ አላገኘሁለትም። በጥሪው ላይ «ወረቀት ተሰጠኝ» ስል፣ ልጄ በምጥ ላይ ሆና እየሰማችኝ፣ እዚያም ዋሸሁ።

አንቺ ግን ይህን ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ታውቂያለሽ። ባለፈው ለዕረፍት ስትመጪ ያን የፍሪጅ እጀታ በገመድ ያሰርሽላት አንቺ ነሽ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ቅዳሜ ሕፃኗን ታቅፌ በገበያው መሐል አልፌ እወስዳታለሁ፣ ለቻዮንግም ፊት ለፊት እነግራታለሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ በጥሪው ላይ ሦስት ጊዜ አነብበዋለሁ፣ ኤርኔስቶ ቃል ገብቶልኛል። ሩብ ሰዓቴንም ቢወስዱት ይውሰዱት። ከሁሉም በፊት ግን ለአንቺ በእጄ ልጽፈው ፈለግሁ። ጻፍኩት፤ ቀለለኝ።

ለሕፃኗ ስም አላወጣንላትም። ሮዌና አያቷ ናት የምታወጣላት ብላ ሁላችንንም ከልክላናለች። ደብዳቤው ሲደርስሽ፣ እሑድ ለሎሊንግ ስትደውዪ ስሟን ንገሪያት። በእኛና በሎሊንግ ቤት መሐል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፣ እኔም እሰማዋለሁ።

እመቤታችን በሰው አገር ጉልበትሽን ታበርታልሽ፤ ለአሮጊቷም ዕድሜና ጤና ስጪልኝ በያት። ሁላችንንም በአንድ ገበታ ዙሪያ ታገናኘን።

ባለቤትሽ፣
ኢውስታኪዮ